ለልብ የሚበጅ የሐበሻ ማዕድ፦ ከድስቱ ጀምሮ ምን እንቀይር?

«ግፊትህ ከፍ ብሏል። ኮሌስትሮልህም ደስ አይልም። አመጋገብህን አስተካክል።» ይህን ከሐኪም የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ወረቀቱ ላይ ኦትሚል፣ ሳልመን፣ ብሮኮሊና የወይራ ዘይት ተደርድረዋል። ሽሮ የለም፣ ጎመን የለም፣ ገብስ የለም። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ይለጠፋል፤ ኑሮ ደግሞ እንደ ድሮው ይቀጥላል።

በሰውየው አልፈርድም። ወረቀቱ የእሱን ቤት አያውቅም። ወጡን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ ዘይቱ ከየት እንደሚገዛ፣ በርበሬው ውስጥ ምን እንዳለ አይጠይቅም። እዚህ የምጽፈው የእኛን ድስት ይዤ ነው። የማምንበትንም ከመጀመሪያው ልናገር፦ የሐበሻ ምግብ መሠረቱ ለልብ ደግ ነው። ጤፍ፣ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ጎመን፣ ገብስ፣ ተልባ፣ ሁሉም የልብ ሐኪም የሚወዳቸው ናቸው። ነገር የሚበላሸው ድስቱ ላይ በምናፈሰው ዘይት፣ በምንነሰንሰው ጨውና ከምግቡ ጎን በምንጠጣው ስኳር ነው።

በመጀመሪያ፣ የትኛው የልብ ሕመም?

አገራችን ውስጥ «የልብ ሕመም» ሲባል ቢያንስ ሁለት ነገር ይደባለቃል።

አንዱ ብዙ ጊዜ ከልጅነት የሚጀምረው ነው። ልጅ ጉሮሮውን በባክቴሪያ ይታመማል፣ «ቶንሲል ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሳይታከም ሲደጋገም ሩማቲክ የሚባለው በሽታ ይከተልና የልብን ቫልቮች ያበላሻል። ይህኛውን ጎመንም ተልባም አይከላከለውም። የሚከላከለው የልጁን ጉሮሮ በጊዜ ማሳከምና የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መስጠት ነው። እንጥል ማስቆረጥ ሌላ አደጋ ይጨምራል እንጂ አይረዳም።

ሁለተኛው ልብን ራሱን የሚመግቡት የደም ሥሮች መጥበብ ነው። ለዓመታት ግድግዳቸው ውስጥ ስብ ይጠራቀማል። አንድ ቀን የተጠራቀመው ይሰነጠቃል፣ ደም እዚያው ይረጋል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሃርት አታክ የምንለው ያ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ሲሆን ደግሞ ስትሮክ ይሆናል። ለዚህ በር የሚከፍቱት ዋና ዋናዎቹ ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ሕመምና ሲጋራ ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ላይ ምግብ እጁ አለበት። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ስለዚህኛው ሕመም ነው።

ደረጃ 1፦ ቁጥራችሁን እወቁ

ምግብ ከመቀየራችሁ በፊት ተለኩ። ግፊት፣ በባዶ ሆድ የደም ስኳር፣ የኮሌስትሮል ምርመራ፣ ክብደት። ግፊት በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል ይባላል። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው።

«ራሴን አያመኝም፣ ግፊት የለብኝም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምንም ምልክት የለውም። ኮሌስትሮልማ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ስሜታችሁን ተዉትና መለኪያውን እመኑ።

ደረጃ 2፦ ዘይቱን ቀይሩ፣ ከዚያ ቀንሱ

ረጅሙ ክፍል ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ የሚታለፍ ነገር ስላለ ነው።

የሚረጋው ዘይት፣ ማለትም ፓልም፣ ግማሽ ያህሉ የረጋ ስብ (ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው) ነው። የሱፍ አበባ ዘይት ውስጥ የረጋው ስብ ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የኑግ፣ የሰሊጥና የአኩሪ አተር ዘይትም አብዛኛው ክፍላቸው ያልረጋ ስብ ነው። ብዙ ሰው ዘይቱ በብርድ ሲረጋ ያይና «ደም ሥሬ ውስጥም እንዲሁ ይረጋል» ይላል። እንዲያ አይደለም። የረጋ ስብ ስናበዛ ጉበታችን ከደም ውስጥ ኤልዲኤልን የመሰብሰብ ሥራው ይዳከማል። ያልተሰበሰበው ኤልዲኤል እየተዘዋወረ ይቆይና የሥሩ ግድግዳ ውስጥ ይገባል። ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም መደምደሚያው ግን ከሕዝቡ ግምት ጋር ይገጥማል፦ የሚረጋው ዘይት ይቀነስ።

ሱቅ ስትገቡ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ «የአትክልት ዘይት» ብቻ የሚል ጽሑፍ ምንም አይነግራችሁም። ፓልምም ከተክል ነው የሚወጣው። ጀርባውን አዙሩና ከምን እንደተሠራ አንብቡ። ሁለተኛ፣ በትልቁ «ኮሌስትሮል የለውም» ተብሎ የተጻፈው ማባበያ ነው። የትኛውም የተክል ዘይት ለቁጥር የሚበቃ ኮሌስትሮል የለውም። ጥያቄው የረጋ ስብ ስንት ነው የሚለው ነው። ማሸጊያው የማያስተማምን ከሆነ በብልቃጥ ትንሽ ቀድታችሁ በሐምሌ ብርድ መስኮት ላይ አሳድሩት። ጠዋት እንደ ገንፎ ከጠነከረ ምን እንደገዛችሁ ታውቃላችሁ።

«ፈሳሹ ዘይት ውድ ነው» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ለዚህ ነው ቀጣዩ እርምጃ መቀነስ የሆነው፤ ኪስም ልብም አብረው ያርፋሉ። እንዲህ አድርጉ። አዲስ ጄሪካን ስትከፍቱ ላዩ ላይ ቀኑን በማርከር ጻፉ። አምስት ሰው ያለበት ቤት 5 ሊትር ዘይት በ30 ቀን ከጨረሰ ለአንድ ሰው በቀን 33 ሚሊ ሊትር ያህል ይደርሰዋል። ይህ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበልጣል፤ ወደ 270 ካሎሪ ገደማ ነው፤ ውጭ የተበላው ሳይቆጠር። ያው ጄሪካን 45 ቀን እንዲቆይ ማድረግ ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ የተሻለ የማውቀው መለኪያ የለም። «ዘይት ቀንሰናል» የሚል ቤት ሁሉ በእርግጥ መቀነሱን የሚናገረው ጄሪካኑ ላይ ያለው ቀን ነው።

አሁን ወደ ቁሌቱ እንግባ። ጥሩ ባለሙያ ሽንኩርት የምታቁላላው መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው። ይህ የእናቶቻችን ሙያ ነው። ችኮላ መጣና ዘይቱ ከሽንኩርቱ ቀድሞ ድስት ውስጥ መግባት ጀመረ እንጂ። አሠራሩ ይኼ ነው፦

ሽንኩርቱን በደንብ አድቅቃችሁ ክተፉ። ደረቅ ድስት ውስጥ ጨምሩና በዝግታ እሳት ላይ አማስሉ። የራሱን ውሃ ያወጣል። ያዝ ሲያደርግ አንድ ሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጠብ አድርጉ። 20፣ 25 ደቂቃ ቆዩበት፤ ቀለሙ ወደ ቡናማ እስኪያደላና ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ። በርበሬውን ጨምሩና በጥቂት ውሃ አብስሉት። ዘይቱ የሚገባው ይሄኔ ነው፤ ከጄሪካን በማንቆርቆር ሳይሆን በማንኪያ። ለስድስት ሰው ወጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። በርበሬው ቀለሙንና ሽታውን ለመልቀቅ ስብ ስለሚፈልግ ጨርሶ አትተዉት።

«ዘይት ካልተንሳፈፈበት ወጥ አይባልም» የምትል አክስት አትጠፋም። ከሷ ጋር አትከራከሩ። ወጡ ሲያልቅለት እሳቱን አጥፉና ትንሽ አቆዩት፤ የተንሳፈፈውን በጭልፋ ቅዱት። ዶሮ ወጥ ከሆነ ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ቅቤው ላዩ ላይ ረግቶ ታገኙታላችሁ፤ በማንኪያ አንስታችሁ ወጡን ታሞቁታላችሁ። ጣዕሙ ድስቱ ውስጥ ቀርቷል። በነገራችን ላይ ዶሮ ወጥ ላይ አንድ ነገር ከጥንት ጀምሮ ትክክል እንሠራለን፦ ቆዳውን እንገፍፋለን። የዶሮ ስብ በብዛት ያለው ቆዳው ላይና ከሥሩ ነው።

ቅቤን በተመለከተ አልዋሻችሁም። የተነጠረ ቅቤ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የረጋ ስብ ነው፤ ከፓልምም ይብሳል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለበት ሰው በየቀኑ የሚበላው ነገር አይደለም። ግን ቅቤ ቅቤ የሚሸተን በብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው ነው የሚጠራን። ስለዚህ ወጡ ሲወርድ አንድ የሻይ ማንኪያ መጨረሻ ላይ ጣል ማድረግ መጀመሪያ ላይ አራት ጭልፋ ከመጨመር የበለጠ ይሸታል።

ሌላው መላ ዘይትን ማጣፈጥ ነው። ግማሽ ሊትር የሱፍ አበባ ዘይት በጣም ዝቅ ባለ እሳት ላይ አሙቁ። የደረቀ ኮሰረት፣ የደረቀ በሶብላ፣ የተፈጨ ኮረሪማና ትንሽ እርድ ጨምሩ። ሳይጤስ 15 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ይውረድና ይጠለል። እርጥብ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ግን እዚህ ውስጥ አትክተቱ። ዘይት ውስጥ ተዘግቶ የቆየ እርጥብ ነገር አደገኛ ባክቴሪያ ሊያፈራ ይችላል። እነሱን በቀጥታ ወጡ ላይ ጨምሩ።

«የአትክልት ቅቤ» ወይም ማርጋሪን ተብሎ የሚሸጠውን በጥርጣሬ እዩት። ከተሠራበት ዝርዝር ውስጥ በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት ዘይት የሚል ካለ ትራንስ ፋት አለው ማለት ነው። ትራንስ ፋት መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል፤ ከቅቤ ይከፋል። የአሜሪካ መንግሥት በ2015 እ.ኤ.አ. ውሳኔ አሳልፎ ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከምግብ ኢንዱስትሪ ያስወጣው ለዚህ ነው። ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ደጋግሞ በተጠበሰበት ዘይት የሚሠራበት ቦታም አትመላለሱ።

ደረጃ 3፦ ጨውን ቁጠሩት

የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል። አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው፤ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ።

ከሁሉም ምግብ ተደምሮ የሚለው ላይ ነው የምንወድቀው። አንድ ድስት ሽሮ እንውሰድ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። ምጥን ሽሮው ሲፈጭም ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ወጡ ሲሠራ እንደገና ይጨመራል። አንዳንድ ቤት የሾርባ ኩብ ጣል ይደረግበታል፤ ኩቡ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ከዚያ ሚጥሚጣ ወይም አዋዜ ከጎን ይቀርባል፤ እዚያም ጨው አለ። ሠሪዋ «እኔኮ ጨው አላበዛም» ስትል ልክ ናት። እሷ የጨመረችው አንዱን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከምንጩ ጀምሩ። በርበሬና ሽሮ የምታስፈጩ ከሆነ ያለ ጨው ወይም በትንሽ ጨው ይሁን፤ ከመርካቶ ወይም ከሰው የምትገዙ ከሆነ ጠይቁ። ከውጭ አገር የምታስልኩ ደግሞ ስታዝዙ ቀድማችሁ ተናገሩ። የሾርባ ኩቡን ከቤት አስወጡት። ድስቱ ላይ ጨው የሚገባው ወጡ ሊወርድ ሲል፣ ከተቀመሰ በኋላ ይሁን። በእጅ መቆንጠር ይቅርና በሻይ ማንኪያ ለኩ። ገበታው ላይ የጨው ዕቃ አይቀመጥ።

በአንድ ጀምበር ግማሽ አትቁረጡ። ቤተሰብ ያምፃል። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቀንሱ። ምላስ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለምዳል፤ በኋላ የጎረቤት ወጥ ጨው ጨው ይላችኋል። ጉድለቱን ኮምጣጣና የሚለበልብ ነገር ይሸፍነዋል፦ ሎሚ፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጦስኝ፣ ሰናፍጭ። ጎመን ላይ ሊወጣ ሲል ግማሽ ሎሚ ጭመቁበትና እዩት።

ሮዝ የሂማላያ ጨው ይሻላል የሚባለው ወሬ ነው። ግፊት የሚያወጣው የጨው ክፍል፣ ሶዲየሙ፣ ያው ነው፤ ገንዘቡ ግን ያው አይደለም። ቀንሳችሁ ብሉ፣ የምትበሉት ግን አዮዲን ያለው ይሁን። እንቅርት የሚያውቅ አገር ይህን አይረሳም። ቋንጣና የታሸገ ምግብ ላይም ተጠንቀቁ። ቡና በጨው የምትጠጡ ቤት ውስጥ ስኒውም ይቆጠራል።

አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም ዓረብ አገር ያላችሁ የታሸገ ሽንብራና ባቄላ ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ። የተጻፈው ሶዲየም ከሆነ በ2.5 አባዙት። 800 ሚሊግራም ሶዲየም ማለት 2 ግራም ጨው ነው። ውሃውን ደፍታችሁ ባቄላውን ብታለቀልቁት ከጨው ጥሩ ያህሉ አብሮ ይሄዳል።

ደረጃ 4፦ ትሪው ላይ ያለውን መጠን ገልብጡ

በ1997 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ዳሽ የሚባል ጥናት አለ። ሰዎቹ ጨው አልቀነሱም፤ ክብደታቸውም እንዳይለወጥ ተደርጓል። አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ስቡ የተቀነሰ ወተት ጨመሩ፤ የረጋ ስብ ቀነሱ። ግፊት የነበረባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር በአማካይ 11 ያህል ወረደ፤ በስምንት ሳምንት። አንድ ክኒን ከሚያወርደው የማይተናነስ ነው። ፖታሲየም፣ ማግኒዚየምና አሰር (ፋይበር) አብረው ሲገቡ ሰውነት ጨውን በሽንት ማስወጣት ይቀለዋል፤ ሥሮችም ይላላሉ።

እኛ ቤት ይህ ምን ማለት ነው? ትሪያችን ላይ እንጀራው ሰፊ፣ ቀይ ወጡ መሐል ላይ፣ ጎመኑ ጥግ ላይ እንደ ጌጥ ነው። ይገልበጥ። ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ የትሪውን ግማሽ ይያዙ። ምስር፣ ክክ፣ ሽሮ ወይም ባቄላ ሩቡን። ሥጋ ካለ በቀረው ቦታ ላይ። ተጨማሪ እንጀራ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደረ እጅ ራሱ ያነሣዋል፤ ስለዚህ ወጥ ቤት ይቆይ። በጋራ ስንበላ ምን ያህል እንደበላን ማወቅ ከባድ ነው፤ በዚያ ላይ ጉርሻ አለ። ጉርሻን እንቢ በሉ አልልም። የሚቀርበውን መቀየር ይቀላል፤ ጎመን ያለበት ጉርሻም ጉርሻ ነው።

እንጀራው ራሱ ንጹሕ ጤፍ ቢሆን ይመረጣል። ጤፍ ከነገለባው ስለሚፈጭ አሰሩ አብሮት ይቀራል። ሩዝ የተቀላቀለበት እንጀራ ነጭና ለስላሳ ይሆናል፤ አሰሩ ግን ይቀንሳል።

ገብስን ዘንግተነዋል ብዬ አምናለሁ። ሐኪሙ ኦትሚል የሚለው ቤታ ግሉካን የሚባለውን የሚሟሟ አሰር አስቦ ነው። ገብስም አለው። ይህ አሰር አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና ከጉበት የመጣውን ሐሞት ይዞ ይወጣል። ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ስለሚፈልግ ከደም ይሰበስባል። ኤልዲኤል የሚወርደው በዚህ መንገድ ነው። በቀን 3 ግራም ያህል ቤታ ግሉካን ለውጥ ያመጣል። የገብስ ቂንጬ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ የገብስ ገንፎ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ገንፎው መሐል ግን የቅቤ ኩሬ ከተሠራበት ነገሩ ፈረሰ። በተልባ ይበላ።

ተልባ የተክል ኦሜጋ 3 አለው፣ አሰርም አለው። ሙሉው ፍሬ ሳይፈጭ እንደገባ ይወጣል፤ ስለዚህ ይታመስና ይፈጭ። የተፈጨው ቶሎ ስለሚበላሽ በትንሽ በትንሹ እየፈጫችሁ ተጠቀሙ።

ፍራፍሬና አትክልት በድምሩ በቀን 400 ግራም ይመከራል። ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ አቮካዶ፤ የወቅቱንና የረከሰውን ብሉ። ሳይጨመቅ።

ስለ ሥጋ አጭር ልበል። ጮማውን ትታችሁ ቀዩን ምረጡ። ክትፎ በዓመት በዓል ይሁን፤ ሲሆንም ቅቤው በማንኪያ ይለካ። ዓሣ ጥሩ ነው፤ ግን ሐዋሳ ላይ በዘይት ጠልቆ የወጣው ጥብስ ሳይሆን ወጡ ወይም ለብለቡ። እንቁላል ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው በቀን አንድ አይጎዳም።

ደረጃ 5፦ ስኳሩ ያለው ስኒው ውስጥ ነው

ብዙ ኬክ አንበላም። ሻይ ግን እንጠጣለን። ሦስት ማንኪያ ስኳር በአንድ ሻይ፣ በቀን አራት ሻይ። 12 ማንኪያ፣ 48 ግራም ገደማ። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ ብሎ ያስቀመጠው 50 ግራም ነው። ለስላሳ ሳይነካ ጣሪያው ላይ ደረሰ ማለት ነው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ደግሞ ሌላ ስምንት ማንኪያ ያህል ይጨምራል። ስፕሪስ ሲያዝዙ «ስኳር እንዳይገባበት» ማለት አይከብድም፤ ጁስ ቤቶች ለምደውታል። የሻዩን ግን በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሳችሁ ውረዱ። ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበት ሻይ ብዙ ስኳር አይለምንም።

ቡናን አልነካም ብዬ ነበር፤ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ተፈልቶ በወረቀት ያልተጣራ ቡና ካፌስቶል የሚባል ዘይታማ ነገር ይይዛል፤ ይህም ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። አተላው ሲዘቅጥ ሁሉም አብሮ አይወርድም። አቦል ጠጥቶ ለሚነሣ ጤነኛ ሰው ይህ ጉዳይ አይደለም። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለና በቀን ብዙ ስኒ የሚጠጣ ሰው ግን የዘወትሩን በወረቀት ማጣሪያ አድርጎ ጀበናውን ለእንግዳና ለሰንበት ቢያቆየው ጥሩ ነው። ከቡናው ጋር የሚቀርበው ቆሎ ያለ ጨው፣ ፈንዲሻውም ያለ ስኳር ይሁን።

ደረጃ 6፦ ጾሙንና ፍስኩን አስታርቁ

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ሁለት ወር ገደማ። ለኮሌስትሮል ከዚህ የተሻለ ዕድል አይገኝም። ግን የከተማው ጾም ተለውጧል። የጾም በርገር፣ የጾም ኬክ፣ ቺፕስ፣ ሳምቡሳ፣ ፓስታ በዘይት። ረቡዕ ቀን በያይነቱ ስታዝዙ ትሪው ሥር የሚቀረውን ዘይት ተመልከቱ። ጾም ሥጋውን እንጂ ዘይቱን አያስቀንስም፤ እሱን የምትቀንሱት እናንተ ናችሁ።

ፋሲካ ላይ ደግሞ ሆድ ባዶ፣ ቅቤ ሞልቶ። ሌሊት ዶሮ ወጥ፣ ጠዋት ጥሬ ሥጋ፣ ቀትር ላይ ክትፎ፣ በመሐሉ ጠጅና ቢራ። ልባቸው የደከመና ግፊት ያለባቸው ሰዎች በጨውና በመጠጥ ብዛት ባበጠ እግርና ባጠረ ትንፋሽ ሐኪም ቤት የሚገቡት እንዲህ ባለው ሰሞን ነው። የመጀመሪያውን ቀን አንድ ዓይነት የሥጋ ምግብ ብቻ ምረጡ፤ ጎመኑም ከበዓሉ ገበታ ላይ አይጥፋ። ረመዳን ለሚጾሙም ነገሩ አንድ ነው፦ ማፍጠሪያው በቴምርና በሾርባ ይጀመር፤ ሳምቡሳው አንድ ይበቃል፤ ሾርባውም ጨው ይቀንስ።

መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ጾሙ ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ። ንስሐ አባትም አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን ጨካኝ አይደለችም።

አንድ ቀን ሲጠቃለል

ጠዋት የገብስ ቂንጬ በጥቂት ዘይት፣ ወይም ፉል ቅቤው ቀርቶ ቲማቲምና ቃሪያ በዝቶበት፤ አንድ ብርቱካን። ምሳ አንድ እንጀራ በምስር ወጥ፣ እጥፍ ጎመንና ሰላጣ በሎሚ። አሥር ሰዓት ላይ ጨው የሌለው ቆሎ፣ አንድ ሙዝ። ማታ ቀለል ያለ ሽሮ፣ ከጎኑ ፎሶሊያ በካሮት። ከእራት በኋላ ወዲያው ከመተኛት ሃያ ደቂቃ ሰፈሩን ዞር ማለት። ልዩ ገበያ የሚጠይቅ ነገር የለበትም።

እዚህ ላይ ቁም የሚያሰኙ ነገሮች

የልብ ቫልቭ ተቀይሮላችሁ ዋርፋሪን የሚባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ጎመን ላይ የጻፍኩት እናንተን እንዳያሳስታችሁ። ጎመንና ቆስጣ ቫይታሚን ኬ በብዛት አላቸው፤ መድኃኒቱን ይቃወማሉ። ጎመን ክልክል ነው ማለት አይደለም። ከሳምንት ሳምንት የምትበሉት መጠን ተመሳሳይ ይሁን። መቀየር ስትፈልጉ ለሐኪሙ ነግራችሁ ደማችሁ ይለካ።

ኩላሊታችሁ የታመመ ከሆነ ፖታሲየም ያለበት የጨው ምትክ፣ ብዙ ሙዝና ብዙ አቮካዶ ሊጎዳችሁ ይችላል። ጠይቃችሁ ብሉ። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ።

ነጭ ሽንኩርት በሎሚ፣ ፌጦ፣ አብሽ፣ ተልባ፤ ምግብ ሆነው ይበሉ። ክኒን አቋርጦ እነሱን መተካት ግን ሰው ገድሏል። ግፊት በክኒን ሲወርድ «ዳንኩ» ብሎ መተው ደግሞ በጣም የተለመደ ነው። የወረደው ክኒኑ ስላለ ነው።

ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ አንገት ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ፣ ላብና የትንፋሽ ማጠር ያለው፣ «ጨጓራ ነው» ተብሎ ወተት አይጠጣበት። ቶሎ ሐኪም ቤት። እዚህ ደቂቃ ነው የሚቆጠረው። በሴቶችና በስኳር ሕመምተኞች ላይ ሕመሙ ደብዝዞ ድካምና ማቅለሽለሽ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 7፦ እንደገና ተለኩ

ከሁለት እስከ ሦስት ወር ስጡት። ግፊት ቀድሞ ይነቃነቃል፤ ኮሌስትሮልም በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታያል። ቤት ውስጥ ግፊት ስትለኩ ከግማሽ ሰዓት በፊት ቡናና ሲጋራ አይኑር፤ ሽንት አትያዙ። ጀርባችሁን ደግፋችሁ፣ እግር ሳታጠላልፉ አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ክንዳችሁ በልብ ከፍታ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ማሰሪያው በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይሁን። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ ለክታችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ደስ ያላችሁን ብቻ አትምረጡ።

የላብራቶሪ ወረቀት ስታወዳድሩ መለኪያውን እዩ። ኢትዮጵያና አሜሪካ ኮሌስትሮል ብዙውን ጊዜ በሚሊግራም ይጻፋል፤ አውሮፓ ብዙ ቦታ በሚሊሞል። ሚሊሞሉን በ38.7 ስታባዙት ሚሊግራሙን ይሰጣችኋል። ኤልዲኤል 3.4 የሚል ወረቀት ከአውሮፓ ይዛችሁ ብትመጡ 132 ገደማ ነው። ለእናንተ ስንት ይሁን የሚለው እንደ ዕድሜያችሁና እንደ ሌላው ሕመማችሁ ስለሚለያይ ሁለቱንም ወረቀት፣ የግፊቱን ደብተርና የምትወስዱትን ክኒን ሁሉ ይዛችሁ ሐኪሙ ፊት አስቀምጡ።